የሰኞ ጠዋት ተረኛ

ደብረ ብርሃን
ኅዳር 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነሲባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ሰነበታችሁ? የእማ ሳል ተሻላት ወይስ እንደዚያው ነው? ባለፈው በስልክ "ደህና ነኝ" አለችኝ፤ የእሷን ደህና ነኝ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ስለ እኔ አታስቡ። እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሥራዬ ግን ቤት ውስጥ ነው። ይህን ለእማ አትንገሪያት፣ ብርድ ልብስ ልላክለት ትላለች።

ለምን በስልክ አትነግረኝም ላልሽው፣ እማ አጠገብሽ ተቀምጣ ስለ ደም ማውራት አልችልም። ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቃልም በስልክ አይነገርም፤ አንዲት ነጥብ ከጎደለች እምቢ ይላል። የስልኩ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ ደግሞ በኢሜይል መላላክ ቀርቷል። ስለዚህ ሁሉንም ፍላሽ ላይ ጭኜ ለሾፌሩ ለታረቀኝ ሰጥቼዋለሁ። ከራሱ እጅ ተቀበዪው፣ ለረዳቱ እንዳይተወው።

የውሃ ተራው ፕሮግራም አልቋል። ሦስት ነገር ነው፦ ስሞቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ፣ መሃል ሆኖ የሚያቀብለው ሰርቨር፣ ሰው የሚያየው ገጽ። የምታስነሺያቸውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ገጹን ቀድመሽ ከከፈትሽ ምንም አታዪም። ትእዛዞቹን በሌላ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌልሻለሁ፣ እንዳለ ገልብጪው፣ ከራስሽ ምንም እንዳትጨምሪ። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ሁሉም እዚያችው ኮፒ ቤታችን ያለችው ላፕቶፕ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከእሷ አይወጣም። እኔም ከዚህ ሆኜ ላየው አልችልም።

አደራሽን። ደም የሚያስታርቁት የዘወልድ ሽማግሌዎቹ "ኢብሮ ሙሀመድሰይድን የገደለው በውሃ ተራ ተጣልቶ ነው፤ እንግዲህ ተራው ለሁሉም በግልጽ የሚታይበትን ነገር ወንድሙ ይሥራ፣ እኛም ደሙን እናድርቅ ለማለት አፍ ይኖረናል" ያሉት አንቺው ፊት ነው። ኢብሮ ወንድማችን ወልድያ ታስሯል፣ እስር ቤት ገብቶ የሚነካው የለም። ሸረፈዲን የወንድሙን የሙሀመድሰይድን ደም የሚፈልገው ከእኔ ነው። እርቁ ካልወረደ ቆቦን አልረግጣትም። እማን ደግሞ ሳላያት እንዳትቀርብኝ እፈራለሁ፤ ሌላ የምፈራው ነገር የለኝም።

ወንድምሽ ታሂር


ቆቦ
ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድሜ ታሂር፣

ወዐለይኩም ሰላም። ሁላችንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ከእኔ ጭንቅላት በቀር። እንዲያው አንተ ልጅ ምን በድዬህ ነው?

ያንን ፎልደር ለመገልበጥ ከሰዓት በኋላዬ በሙሉ አለቀ። መሃል ላይ መብራት ሄደ፣ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ከዚያ ያልከኝን ጻፍኩ። ጥቁር መስኮት ተከፈተና ነጫጭ ፊደል ዝም ብሎ ይወርዳል። ቫይረስ መስሎኝ ዘጋሁት። ገጹን ስከፍት አልተገናኘም ይለኛል። ጥቁሩን መልሼ ከፈትኩት፣ አሁንም ሲያስጠላኝ ዘጋሁት፣ ገጹ አሁንም እምቢ። ኮፒ ልታስነሳ የመጣች ፀዲ የምትባል አስተማሪ ናት "ኧረ እሱን ተይው፣ እሱ እኮ ነው የሚሠራው" ያለችኝ። ለካ ሰርቨር ያልከው እሱ ኖሯል። ስሙን በትልልቅ ፊደል ስትጽፍ መልኩንም ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

አሁን ተከፍቷል። "የዕለቱ የውሃ ተረኞች" ይላል፣ አረንጓዴው ያምራል። ግን ከሥሩ ባዶ ነው፣ አንድ ስም የለበትም። አበላሽቼው ይሆን ብዬ እጄን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። ካሳ ዝርዝሩን እስካሁን አልሰጠኝም። የውሃ ማህበሩ ሊቀመንበር ሆኖ ሳለ እሱው ራሱ ከገበሬዎቹ ጋር ማን ከማን ይቀድማል እያለ ሲከራከር ይውላል። ዛሬ ነገ ይለኛል።

ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠዋል። ታኅሣሥ ሲገባ ያለው የመጀመሪያው ሰኞ ሁሉም ቀበሌው አዳራሽ ይሰበሰብና በግድግዳ ላይ ይታያል። ትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ያውሰናል። ሸረፈዲንም እመጣለሁ ብሏል። እመጣለሁ ማለቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬ የእኛ ስም በተነሳበት ቤት አይቀመጥም ነበር። እናቱ እማማ ሀሊሜም አብረው ይመጣሉ።

ስለ እማ ለጠየቅከኝ፣ ትበላለች። ትንሽ ነው፣ ግን ትበላለች። እርቁ የሚወርድበትን ቀን ጠየቀችኝና ቅርብ ነው አልኳት።

እህትህ ነሲባ


ደብረ ብርሃን
ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነሲባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አፉ በይኝ፣ መልኩን መንገር ነበረብኝ። ጥቁሩን መስኮት አሳንሰሽ አስቀምጪው እንጂ አትዝጊው። ፀዲን አመስግኚልኝ።

ባዶ መሆኑ ጤንነት ነው፣ ምንም አላበላሸሽም። ዳታቤዙ ገና ስላልተሞላ ነው። ካሳ ዝርዝሩን እስኪሰጥሽ እንድትለማመጂበት የሙከራ ስሞች አሉ፤ ስሠራው ስሞክርባቸው የነበሩ ናቸው። ከዚህ ጋር በላክሁት ቁራጭ ወረቀት ላይ ያለውን አንድ ትእዛዝ ስጪው፣ ወዲያው ይሞላል። ገጹ የዕለቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሐሙስ ከከፈትሽው የሐሙስን፣ ቅዳሜ ከከፈትሽው የቅዳሜን። ሁሉም ስም ባንድ ላይ ከወጣ ጭቅጭቅ ያመጣል ብዬ ነው እንዲያ ያደረግሁት።

ስሞቹን ከየት አመጣሃቸው ትይኛለሽ ብዬ ልቅደምሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ከበደ፣ አልማዝ እያለ ይሞላው ነበር። እኔ ከቦዩ አናት ጀምሬ በሐሳቤ ወደታች ወረድሁ። ማሳ በማሳ። ከገበሬው ከረዲ የሽንኩርት ማሳ ጀምሬ፣ በእማ በቆሎ አልፌ፣ እስከ ወንዙ አሸዋ ድረስ። ማንንም አልዘለልኩም። ሥራ አልመስል አለኝ፣ አገር ቤት ገብቼ የወጣሁ ነው የመሰለኝ። ሳበቃ እንደ ሞኝ አለቀስኩ፤ ይኸው ነገርኩሽ፣ ሳቂ።

ሸረፈዲን እመጣለሁ ካለ አላህ ሰምቶኛል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ እንዳያሳፍርሽ በስብሰባው ጠዋት ቀድመሽ አስነሺው።

ታሂር


ቆቦ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ታሂር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ደህና ነን።

ስብሰባው ተካሄደ። ሰው ብዙ ነበር። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፣ ያልከኝን ሁሉ በቅደም ተከተል አድርጌ ሠራ። ካሳ ዝርዝሩን ሳያመጣ ስለቀረ ባሉት ስሞች ነው ያሳየነው። ሐሙስ ዕለት ስሞክረው የእማ ስም ወጥቶ አሳይቻት ነበር። ማንበብ ባትችልም በጣቷ ነካችው።

የጠየቅከኝን ሁሉ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ኮፒ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አንድን ሰው ከውስጡ ከሥሩ ነቅሎ ማጥፋት ቢፈለግ በምን ትእዛዝ ነው? ቶሎ ላክልኝ።

ነሲባ


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነሲባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ አጥሮብኛል። አንቺ የምታሳጥሪው ስትናደጂ ወይ ስትፈሪ ነው። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ።

የጠየቅሽኝን በሌላው ወረቀት ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ የሰውየውን ስም ፈልጊ፣ ከዚያ ሰርዢ። ከመሰረዝሽ በፊት ግን ሁለቴ እዪው፣ አንዴ ከጠፋ የሚመልሰው የለም። ማንን ነው የምታጠፊው? ካሳ ከረዲ ጋር ተጣልቶ ረዲን አስወጡልኝ አለ እንዴ? እሱ ከሆነ እሺ እንዳትይው፣ ተራ መከልከል አይችልም።

ወይስ የሙከራዎቹን ሁሉ ልታጠፊ ነው? እነሱንማ ከስብሰባው በፊት ማጥፋት ነበረብሽ፤ ለካ እኔው ራሴ አልነገርኩሽም። ቁራጩ ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም።

ቆይ። ስብሰባው ሰኞ ነበር። ሰኞ ጠዋት ላይ የጻፍኩት ማንን እንደሆነ አሁን ትዝ አለኝ። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ወጥቼ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፈው። ነሲባ፣ ሙሀመድሰይድን አስገብቼዋለሁ። ከእማ ማሳ ዝቅ ብሎ የእሱ ነው፣ ማንንም አልዘለልኩም ብዬሽ ነበር። በሐሳቤ ስወርድ እሱም እዚያው ቆሞ ነበር፣ አካፋውን ተደግፎ። ሰላም አልኩት እኮ።

ግድግዳው ላይ ወጣ ወይ? በአላህ ይዤሻለሁ፣ የሆነውን ንገሪኝ።

ታሂር


ቆቦ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድሜ ታሂር፣

በአላህ ስለያዝከኝ እነግርሃለሁ። ልደብቅህ ነበር፤ ብችል ኖሮ እስከ መጨረሻው እደብቅህ ነበር።

ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጡ፣ ሸረፈዲን ከአጎቶቹ ጋር በቀኝ፣ እኔና ጎረቤቶቻችን በግራ። ዱዓ ተደረገ። ካሳ ብዙ ተናገረ፣ እንደምታውቀው ነው። ከዚያ "በሉ አሳዩን" ተባለና መጋረጃው ተዘጋ፣ እኔም አስነሳሁት። ቀደም ብዬ የሞከርኩት ሐሙስ ነው፤ ሰኞን አላየሁትም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ፦ ሰኞ ጠዋት ተረኛ፣ ሙሀመድሰይድ አደም።

ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው በሹክሹክታ ነገረው፣ ሹክሹክታው ከፊት እስከ ኋላ ሲሄድ ሰማሁት። ሸረፈዲን ተነሳ። አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ወንድሜን ገድላችሁ ስታበቁ አሁን ውሃ ልታጠጡት ነው?" አለና ወጣ። አጎቶቹም ተከትለውት ወጡ። ላፕቶፑን መዝጋት ረሳሁ፣ ስሙ ሰው እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳው ላይ ቆየ። እማማ ሀሊሜ ብቻ አልወጡም ነበር፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ደግፋ ወሰደቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ይቆይ ብለዋል። ሸረፈዲን "ታሂር አስቦበት ያደረገው ነው፣ ሊያፌዝብን ነው" ብሏል። "መጀመሪያ የወንድሜ ስም ከዚያ ዕቃ ይጥፋ፣ ከዚያ የእርቁን ነገር እንደ ልማዱ እናያለን" ብሏል። ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ከፍቼ ማየት ይገባኝ ነበር፣ ካሳም ዝርዝሩን ማምጣት ይገባው ነበር። ግን የሚነሳው ያንተ ስም ነው።

ለእማ አልነገርናትም። ኮምፒውተሩ ተበላሸ፣ ቀኑ ተራዘመ ብያታለሁ። "እሱ የሠራው ነገር አይበላሽም" ብላ ተቆጣችኝ።

ነሲባ


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ነሲባ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ከዚያ መቀመጫ አጣሁ።

ሽሽት በቃኝ። መጥቼ ራሴ ልንገራቸው። ሸረፈዲን ፊት ቆሜ፣ ፌዝ አይደለም፣ ስሙን የጻፍኩት ከመሃላችን መውጣቱን ልቤ ስላልተቀበለው ነው ልበለው። ከእሱ ጋር አብረን ነው እኮ ያደግነው፣ ሙሀመድሰይድ ነው ለሁለታችንም ዋና ያስተማረን። አንድ ቃል እንኳ ሳይሰማኝ ይተኩሳል ብዬ አላምንም። ቢተኩስም ይተኩስ። እዚህ ተቀምጬ በብርድ ከምደርቅ ይሻለኛል።

ደግሞ እማ ለምንድነው ስልክ የማታነሳው? ሦስት ጊዜ ስደውል አንቺ ነሽ ያነሳሽው። ተኝታለች፣ ወጣች፣ ሶላት ላይ ናት። እሷን አገናኚኝ።

ታሂር


ቆቦ
ጥር 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድሜ ታሂር፣

እንዳትመጣ። እንዳትሞክረው። ሸረፈዲን መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ነው የሚውለው፣ ከደቡብ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ያያል። ታረቀኝን አስምዬዋለሁ፣ አንተን ጭኖ እንደማይመጣ። አንተ ስትወድቅ ደግሞ የእኛ ሰዎች ዝም አይሉም፣ ከዚያ ማብቂያ የለውም። የሞተው ይበቃል።

እማ ዋጃ ሄዳለች፣ አክስታችን ሀስና ዘንድ። አየሩ ይሻላታል ብለን ነው። እዚያ ኔትወርኩ አይረባም። አታስብ።

ሌላ የምነግርህ አለኝ። ያለፈው ሰኞ ጠዋት ኮፒ ቤቱን እንደከፈትኩ እማማ ሀሊሜ ከበሩ ቆመዋል። ሊረግሙኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። "ልጄ፣ የዚያን ቀኑን ክፈችልኝ" አሉ። ከፈትኩላቸው። ሰኞ ነዋ፣ ወጣ። "የቱ ነው የእሱ?" አሉኝ። አሳየኋቸው። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ሲያዩት ቆዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ አላለቀሱም። "እኛ ቤት ስሙን የሚጠራ የለም። ሸረፈዲን ፊት ከተነሳ ቤቱን ጥሎ ይወጣል። እዚህ ግን ከሰው ጋር ተሰልፎ አለ" አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው "እንዳታጠፊው፣ እኔ ሳልሞት እንዳታጠፊው" አሉኝ።

ትናንት ማታ ደግሞ ሸረፈዲን መልእክተኛ ልኮብኛል፣ ገና አልጠፋም ወይ ብሎ። ካልጠፋ እርቅ የለም። ባጠፋው የእናትየውን ልብ እሰብራለሁ፣ ባላጠፋው አንተ አትገባም። ትእዛዝህን አውጥቼ ስሙን ፈልጌ አገኘሁት። የቀረኝ አንድ መጫን ነበር። አልቻልኩም ታሂር፣ ይቅር በለኝ። እኔ ነኝ እንዳትመጣ ያደረግሁህ ማለት ነው።

ዛሬም ሰኞ ነው፣ እማማ ሀሊሜ መጥተው ሄደዋል።

ነሲባ


ደብረ ብርሃን
ጥር 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእህቴ ለነሲባ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላጠፋሽውም ብዬ አልቀየምሽም። እኔም ብሆን አልጫነውም ነበር። ይቅርታ የምትጠይቂበት ነገር የለም።

ግን አንድ ነገር አለ። አክስት ሀስና ዘንድ ደወልኩ። ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነበር። እማን አቅርቢልኝ ስላት "አሁን ገና ወጣች" አለችኝ። ማታም ደወልኩ፣ አሁን ገና ተኛች። ቀድመሽ ነግረሻታል። ሁላችሁም አንድ ቃል ተስማምታችኋል።

እኔ ሕፃን አይደለሁም። ታማ ከሆነ ታማለች በይኝ። እስከ እሁድ ካልጻፍሽልኝ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ፣ ሸረፈዲንም እዚያው ሻይ ቤቱ ይጠብቀኝ።

ታሂር


ቆቦ
ጥር 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ታሂር፣

ታረቀኝ ብቻውን እንዳልመጣ አይተሃል። አብረውት ያሉት እዚያው ከተማህ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ናቸው፤ ረጅሙ የጎረቤታችን ልጅ ሙንተሲር ነው፣ ታስታውሰዋለህ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንዲመጡ፣ አንተም ሳትቀመጥ ይህን ወረቀት እንዳይሰጡህ አደራ ብያቸዋለሁ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን ከሌላ አፍ እንድትሰማው ልቤ እምቢ አለኝ። እነሱ አጠገብህ ናቸው፣ እኔም እንዳለሁ ቁጠረኝ።

እማ ሐሙስ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አረፈች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ዋጃ አልሄደችም። ሳሉ ሳምባዋ ድረስ ወርዶ ኖሯል። ወልድያ ሆስፒታል ወስደናት ነበር፣ ከዚያ "ቤቴ ውሰዱኝ" አለችና መለስናት። አንተ ብትሰማ ትመጣለህ፣ ብትመጣ ትሞታለህ። እሷም ሳትቀር "እንዳትነግሪው" ብላኛለች። አክስት ሀስናን አትቆጣት፣ ያስዋሸኋት እኔ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት ቀበርናት። ለለቅሶ ከገቡት ሴቶች የመጀመሪያዋ እማማ ሀሊሜ ነበሩ። ቤታችንን ከዚያ ነገር ወዲህ ረግጠውት አያውቁም። ገብተው እማ አልጋ ሥር ቁጭ አሉ፣ ሦስቱንም ቀን ከዚያ አልተነሱም፣ ማታ ማታ ብቻ ይሄዳሉ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሸረፈዲንን ይዘውት መጡ። ከደጅ ቆመ። ከሲታ ሆኗል፣ ብታየው አታውቀውም። እናቱ ከውስጥ ሆነው "ግባ" አሉት፣ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሊናገሩ ሲሉ እጁን አነሳና "ይምጣ። ደሙን ትቻለሁ" አለ። ከዚያ ፊቱን ሸፍኖ "ይህን እሷ ሳትሞት ነበር ማለት የነበረብኝ" አለ። ቁርኣን ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ቃሉን ሁሉም ሰማ። የሙሀመድሰይድን ስም አጥፉ ብሎ ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነካሁትም።

እርቁ ወርዷል ታሂር። ስንለምነው የከረምነው ነገር መጣ፣ ስትጠብቀው የኖረችው እማ ከሄደች በኋላ መጣ። ደስ ይበለኝ ብዬ ብሞክር አልሆነልኝም። አንተም ደስ ካላለህ ኃጢአት አይደለም።

አንድ የቀረኝ አለ፣ እሱን ካልነገርኩህ አላርፍም። የመጨረሻዎቹን ቀናት "ታሂር የት ደረሰ?" ትለኝ ነበር። እየመጣህ መስሏታል፣ ትኩሳቱ ነው። መጀመሪያ ደሴ ደርሷል አልኳት። በነጋታው ስትጠይቀኝ መርሳ አልኳት፣ ከዚያ ወልድያ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያቀረብኩህ መጣሁ፣ ምን ላድርግ። ሐሙስ ጠዋት "ጎብዬ ደርሷል" ስላት ዓይኗን ገለጠች። "ታዲያ ደረሰ እኮ" አለች። ትራሷን ከፍ አስደረገችኝ፣ ሻሿንም አስተካከልኩላት፣ በሩን ስታይ ዋለች። ከጎብዬ ወዲህ ግን ላመጣህ አልቻልኩም። ገብቷል ብላት ታይ ነበራ፣ የለህም።

መንገዱ ክፍት ነው። ታረቀኝ ይዞህ ይመጣል። በቀን ግባ፣ ማንም አይነካህም።

እህትህ ነሲባ